የቆሮሶ ጭንቅላት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባሕር ዳር የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። እሁድ እሁድ ከጣና ዳር ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ እጠብሳለሁ። ድሮ ለየሰዉ አንድ አንድ ይደርስ ነበር። አሁን ሁለቱን ለአምስት እናካፍላለን። እኔ ጭንቅላቱን እየመጠጥኩ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ትንሹ ልጄ ግን ነቄ ነው። «እማ፣ ሁሌ ጭንቅላት ብቻ ነው እንዴ የምትወጂው?» አለኝ ባለፈው።

ዓሣ የሚሸጥልኝ ልጅ ሐይቁ ላይ ያለውን የእንቦጭ አረም ያማርራል። መረቡን ይዞበት ይቀራል፤ ጀልባውንም አያሳልፈውም።

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል የነጋዴ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ዘይት ልገዛ ስሄድ ገባኝ። ጋዜጣችሁ ስለ ዶላር ብዙ ጽፏል፤ ስለ ዘይት ጀሪካን ግን እምብዛም። እስቲ ቅዳሜ አንድ ጋዜጠኛ ላኩልኝ፣ አብረን ገበያ እንውጣ። ዘንቢሉን እኔ እይዛለሁ።

አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር