አባባ፣ ለክሪኬቱ ይምጡ

ሻርጃ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደሴ ብርዱ እንደ ጀመረ እማማ ነገረችኝ። ጉልበትዎ እንደገና እንዳስቸገረዎትም የሰማሁት ከእሷ ነው። እርስዎማ በስልክ መች ይናገራሉ!

ባለፈው ስንደዋወል «ይሄ ክሪኬት የምትለው ነገር አምስት ቀን ሙሉ ነጭ ለብሶ መቆም አይደለም እንዴ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው የምጽፍልዎት። ልመናም አለኝ። ታኅሣሥን እኔ ዘንድ መጥተው እንዲያሳልፉ እፈልጋለሁ። በዚያን ጊዜ የዚህ አገር አየር ለጉልበትዎ ይስማማዋል። ትልቁ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ኢንተርናሽናል ሊግ ቲ20 የሚባለው የኤምሬትስ የክሪኬት ሊግ አራተኛ ዓመቱን ሊጀምር ነው። ኅዳር 23 ይከፈታል፤ ፍጻሜው ታኅሣሥ 26 ነው። ለገና ደሴ ይደርሳሉ። በፊት የሚካሄደው በጥርና በየካቲት ነበር። ዘንድሮ የቀደመው ጥር መጨረሻ ላይ ህንድና ስሪላንካ የዓለም ዋንጫ ስለሚያስተናግዱ ነው። ለእኛ ተመቸን።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የአምስት ቀኑ ክሪኬት አሁንም አለ። ይሄኛው ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ልብሱም ባለቀለም ነው። እንደ እግር ኳስ 11 ለ11 ይገጥማሉ። ለአንዱ ቡድን 120 ኳስ ይወረወርለታል። በዚያ ውስጥ የቻለውን ያህል ነጥብ ይሰበስባል። ከዚያ ሌላኛው በ120 ኳስ ያንን ለማለፍ ይሞክራል። አሥር መቺ ከወጣበት፣ ማለትም ከመምታት ከተሰናበተበት፣ ኳሱ ሳያልቅም ተራው ያበቃል። የተመታው ኳስ መሬት ለመሬት ሄዶ የሜዳውን ዳር ገመድ ካለፈ 4 ነጥብ ነው። በአየር ካለፈ 6። እዚያ ካልደረሰ ሁለቱ መቺዎች ቦታ እየተቀያየሩ በሩጫ ነጥብ ይለቅማሉ። በሁለቱ ጫፍ ሦስት ሦስት ሆነው በተተከሉት እንጨቶች መሀል ያለው ርቀት 20 ሜትር ገደማ ነው። ፈጣን ወርዋሪ ኳሱን በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ይለቀዋል። መቺው ለማሰብ ያለው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ነው። ኳሱ ቆዳ የለበሰ ደረቅ ነገር ነው። የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ያደጉ ሰው ስለሆኑ፣ ሩር ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል። ይሄ ከዚያ ይብሳል።

እርስዎን የሚማርክዎት ግን ዳኝነቱ ይመስለኛል። ያን ሁሉ ዓመት ፊሽካ ይዘው በየትምህርት ቤቱ ሜዳ የሮጡ ሰው ነዎት። የክሪኬት ዳኛ ፊሽካ የለውም። የሚናገረው በእጁ ነው። ሁለት እጁን ሽቅብ ካነሳ ስድስት ነው። አንድ ጣቱን ካነሳ መቺው ወጥቷል። አንድ በጣም የምወደው ሕግ ደግሞ አላቸው። መቺው መውጣት ያለበት ቢሆን እንኳ፣ የወርዋሪው ቡድን ካልጠየቀ ዳኛው አያስወጣውም። ስለዚህ ሁሉም ወደ ዳኛው ዞረው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይጮሃሉ። እሱ ዝም ብሎ ያስባል። ስታዲየሙ በሙሉ የሚያየው ጣቱን ነው። እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው ከዳኛው ቀድመው ሲፈርዱ ከአሁኑ ይታየኛል።

ቡድኖቹ ስድስት ናቸው፤ ዱባይ ካፒታልስ፣ ደዘርት ቫይፐርስ፣ አቡዳቢ ናይት ራይደርስ፣ ኤምአይ ኤምሬትስ፣ ገልፍ ጃይንትስ እና የኛው ሻርጃ ዋሪየርዝ። በጠቅላላው 34 ጨዋታ አለ። ባለቤቶቹ አብዛኞቹ የህንድ ኩባንያዎች ናቸው። ለታናሽ ወንድሜ ግን ይንገሩልኝ፤ ደዘርት ቫይፐርስ የማንቸስተር ዩናይትዶቹ የግሌዘሮች ነው። ለእማማ ደግሞ አቡዳቢ ናይት ራይደርስ የሻህ ሩክ ካን ነው ይበሏት። የህንድ ፊልም ካሴት እየተከራየን ስናይ ስሙን ያስጠናችን እሷ ናት። ይሄን ስትሰማ እሷም ልምጣ እንደምትል አልጠራጠርም።

እርስዎ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። «ቡድን ማለት ሰፈር ነው። ጊዮርጊስ ከአራዳ ነው የተነሳው። በገንዘብ ተገዝቶ የመጣ ቡድን ምኑ ይደገፋል?» ይሉኛል። እውነት አለዎት። ተጫዋቹ ዛሬ እዚህ፣ ነገ አውስትራሊያ፣ ከነገ ወዲያ ደቡብ አፍሪካ ነው። ዘንድሮማ የሦስቱም አገር ሊጎች ታኅሣሥ ላይ ይገጣጠማሉ። አንዳንዱ ኮከብ በውድድሩ መሀል ሻንጣውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ይሄ እኔንም ያሳስበኛል።

ገበያውም ጨካኝ ነው። መስከረም 21 ዱባይ ላይ ተጫዋቾቹን በጨረታ ገዙ። ለዚህ ሊግ የመጀመሪያው ጨረታ ነበር፤ ሥራ ቦታ ሆነን በሞባይል ተከታተልነው። ራቪቻንድራን አሽዊን የሚባል የህንድ ወርዋሪ አለ። በአምስት ቀኑ ክሪኬት 537 መቺ ያስወጣ ሰው ነው። ህንድ ገና እየተጫወቱ ያሉ ወንድ ተጫዋቾቿን ለውጭ ሊግ አትለቅም፤ እሱ ጡረታ ስለወጣ ነው ስሙን ያስገባው። መነሻ ዋጋው 120,000 ዶላር ነበር። ስሙ ሲጠራ የገዛው ቡድን አልነበረም። አብሮኝ የሚሠራው የቼናይ ልጅ የአሽዊን አገር ሰው ነው። ያን ቀን ምሳውንም አልበላ።

እኔን ከዚህ ሊግ ጋር ያቆራኘኝ ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ቡድን አራት የኤምሬትስ ተጫዋቾች መያዝ አለበት። ሜዳ ሲገባ ቢያንስ ሁለቱን ማሰለፍ ግዴታው ነው። ዘንድሮ ደግሞ ከኩዌት አንድ፣ ከሳዑዲ አንድ ተጨምሯል። «የኤምሬትስ ተጫዋች» ስልዎት ረጅም ነጭ ቀሚስ የለበሰ ዐረብ እንዳይመስልዎት። በክሪኬት ሕግ ሦስት ዓመት አገሩ ውስጥ የኖረ ሰው ለብሔራዊ ቡድኑ መሰለፍ ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች እንደ እኔ ሠርቶ ለማደር የመጣ፣ ወይም የእንደዚያ ዓይነት ሰው ልጅ ነው።

መሐመድ ጀዋዱላህ የሚባል ግራኝ ፈጣን ወርዋሪ አለ። ከፓኪስታን የመጣው ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ሊሠራ ነው። ከሥራ ሲወጣ በቴፕ ኳስ፣ ማለትም በናስትሮ በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ይጫወት ነበር። ከዚያ ሻርጃ ዋሪየርዝ ወሰደው። ብሔራዊ ቡድንም ገባ። ባለፈው ግንቦት ኤምሬትስ እዚሁ ሻርጃ ላይ ባንግላዴሽን በሦስት ጨዋታ 2 ለ1 ስታሸንፍ በቡድኑ ውስጥ ነበር። በዚህ ወር መጀመሪያ ደግሞ ኤምሬትስ ኦማን ላይ ጃፓንን አሸንፋ ለዓለም ዋንጫው አለፈች። አባባ፣ ይሄ የእሱ ታሪክ በእኛ መጋዘን ውስጥ እንዴት እንደሚወራ ቢሰሙ! ሣጥን እያወረድን እንኳ ይነሳል።

እሁድ ጠዋት ከመኖሪያችን ጀርባ ያለው አሸዋማ ሜዳ በቴፕ ኳስ ተጫዋች ይሞላል። ኳሱን ሲያዘጋጁ ማየት ደስ ይለኛል። የቴኒስ ኳስ ያመጣሉ። አንዱ ናስትሮ በጥርሱ እየቆረጠ፣ የኳሱ ጠጉር እስኪሸፈን ድረስ ጥብቅ አድርጎ ይጠቀልለዋል። ከዚያ በአንድ ጎኑ ብቻ ሌላ ድርብ ይጨምርበታል። ሁለቱ ጎን ስለሚለያይ ኳሱ በአየር ላይ ይታጠፋል። ሦስቱን እንጨት የሚተካው የለስላሳ ሣጥን ነው። ወርዋሪው ጫማውን አውልቆ ከሩቅ ይንደረደራል። ይሄ ነው እንግዲህ ሰፈሩ። እኔ ብሆን አስገዳጁን ሁለት ተጫዋች አራት አደርገው ነበር። ቡድኖቹ ከዚህ አሸዋ ብዙ ልጆች ሊያወጡ ይችላሉ፤ ግን ካልተገደዱ ስም ያለውን ነው የሚያሰልፉት።

የሻርጃ ስታዲየም ከመጋዘናችን በእግር ይደረሳል። ያለው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ጋራዥና ሱቅ መሀል ነው። እንደ ዱባዩ 25,000 ሰው አይዝም። ነገር ግን የእሱን ያህል ብዙ የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታ (ይሄ ሦስተኛው የክሪኬት ዓይነት ነው) ያስተናገደ ሜዳ በዓለም ላይ የለም። በ1978 ሚያዝያ 10 ህንድና ፓኪስታን እዚህ ለዋንጫ ተጋጠሙ። አንድ ኳስ ብቻ ቀርቶ ፓኪስታን 4 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። ጃቬድ ሚያንዳድ ስድስት መታ። ሹፌራችን የካራቺ ሰው ነው፤ ያኔ ልጅ ነበር። ይሄን ሲያወራ ከወንበሩ ይነሳል። ተቀምጦ ማውራት አይሆንለትም።

ለአፍሪካም የሚጮሁለት ሰው አለልዎት። ባለፈው የካቲት ፍጻሜ ላይ ደዘርት ቫይፐርስ 189 ነጥብ አስመዘገበ። ዱባይ ካፒታልስን ከዳር ያደረሰው የዚምባብዌው ሲካንደር ራዛ ነው። የተወለደው ፓኪስታን ነው። ሕልሙ የጦር አውሮፕላን አብራሪ መሆን ነበር፤ የዓይን ምርመራው አላሳለፈውም። ያን ማታ አራት ኳስ ሲቀር እሱ ራሱ መትቶ ጨረሰው።

ለማታው ጋቢዎን ይዘው ይምጡ። እየመሸ ሲሄድ ጤዛ ይወርዳል። ጨዋታውንም ይለውጠዋል፤ ኳሱ ይርስና ወርዋሪው በፎጣ እየጠረገ እንኳ ከጣቱ ያመልጠዋል። ለዚህ ነው ዕጣ የደረሰው አምበል ብዙ ጊዜ ቀድሞ መወርወርን የሚመርጠው። ስንሄድ መጀመሪያ ዕጣውን እንይ፤ ምን እንደሚመርጥ አስቀድመው ይነግሩኛል።

የመክፈቻው ቀን የኤምሬትስ ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ሥራ የለኝም። ዱባይ ላይ ካፒታልስና ቫይፐርስ ናቸው የሚጀምሩት። እሱን እናያለን። ለእርስዎ የተመኘሁት ግን አንድ የሻርጃ ማታ ነው፤ ሹፌሩም የቼናዩም ልጅ አብረውን ይገባሉ። «አባትህ መቼ ነው የሚመጡት?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ትኬቱና ቪዛው በእኔ ነው፤ እሱን አያስቡ። ፓስፖርትዎን ብቻ ጊዜው አልፎ እንደሆነ ይዩልኝ፤ ካለፈ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያሳድሱት። እማማን ብቻዋን አልተውም እንዳይሉኝ፣ እህቴ እስኪመለሱ አብራት ትሆናለች፤ ተነጋግረናል። እማማም መምጣት ከፈለገች ለእሷም ትኬት እቆርጣለሁ። ሐኪሙ ስለ ጉልበትዎ ያለውንም ይላኩልኝ። ብዙ ደረጃ የማያስወጣ መቀመጫ እንዲሰጡን ትኬት ስገዛ እጠይቃለሁ። ኅዳር ሳይገባ መልስዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ