የአውራ ዶሮሽ ነገር

እንዴት ነሽ እህትዓለም? ልጆቹስ?

መጠፋፋታችን በዛ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሐዋሳም እንደምታውቂያት ናት። በቀደም ፒያሳ ታናሽሽን አገኘኋት። አዳማ ግቢሽ ውስጥ ዶሮ ማርባት መጀመርሽን፣ አንዱ አውራ ደግሞ ትንሹን ልጅሽን እያባረረ ማስቸገሩን ነገረችኝ። «ሁሉንም አርዳቸዋለሁ» ብለሻል አሉ። ቢላው ከመውጣቱ በፊት ይድረስሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

አስቀድመሽ ልጁን ጠብቂ። አውራ ሲዘል የሚወጋው ከእግሩ በስተኋላ ባለው ሹል ጥፍር ነው፤ የሕፃን ፊት ደግሞ ቅርቡ ነው። ትልቅ ሰው ሳይኖር ልጁ ወደ ዶሮዎቹ አይጠጋ።

6 ሴት ላይ 3 አውራ አለሽ አሉ። ጣጣው እሱ ነው! ለአንድ አውራ 8 ወይም 10 ሴት ይበቃዋል። ሴቶቹ ሲያንሱ ወንዶቹ ይፋለማሉ፤ በመሰረር ብዛትም የሴቶቹ ጀርባ ይመለጣል። እስቲ ጀርባቸውን እዪልኝ። እንቁላል ብቻ ከፈለግሽ አውራ ጭራሽ አያስፈልግሽም፤ ሴቷ ያለ ወንድም ትጥላለች። ጫጩት ከፈለግሽ አንዱን አስቀሪ፣ ሁለቱን ዋጋ በሚወደድበት በዓውደ ዓመት ሽጪ። እስከዚያ ለይተሽ አስቀምጫቸው።

የሚቀረውን ግን በመልኩ አትምረጪ። ጥሬ በትኚና ተመልከቺ። ጥሩ አውራ ጥሬውን እያነሳ እየጣለ ሴቶቹን ይጠራል። ጭልፊት ሲያንዣብብ ደግሞ ለየት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ሁሉም ወደ መጠለያ ይሮጣሉ። የእኔ ገብስማ እንዲህ ነው፤ እሱ እያለ ጫጩቶቼን ለሰማይ ብዙም አልሰጋላቸው። በጣም ነው የምወደው።

ሰው ላይ መዝለል የሚጀምሩት ሲጎረምሱ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ። ሲመጣብሽ አትሩጪ፣ በእርግጫም አትበዪው። ብትሸሺ አሸነፍኩ ይላል፤ ብትመቺው ጠብ ፈለገችኝ ይላል። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ባልዲ መሃላችሁ አድርጊ፤ እሱ ዞር ሲል ሥራሽን ቀጥዪ። የጥፍሩን ሹል ጫፍም በሞረድ መቀነስ ይቻላል። ሥሩ ደም ስላለው ወደ ውስጥ አትግቢ። ይሄም አልፎ ልጁን ማባረሩን ካልተወ እረጂው፤ ቁጡነት በዘር ይተላለፋልና ጫጩት አታስወልጂው።

ሌሊት መጮሁን አታስቀሪውም። ቤታቸውን ከጎረቤት መኝታ አርቂው፣ ያ ይሻላል።

ከሦስቱ ሴቶቹን ጠርቶ የሚያበላው የትኛው እንደሆነ እዪና ጻፊልኝ። ስልኬም ያው የድሮው ነው።