ስለ ሾንኬ ሲጻፍ ቋንቋው አይዘንጋ
ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ሾንኬ መንደር ሲጻፍ ዘወትር የሚነሱት የድንጋይ ቤቶቹ ናቸው፤ ቋንቋው ግን ይዘነጋል። በከሚሴ አቅራቢያ ከተራራ አናት ላይ የተቀመጠው ይህ መንደር፣ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው አርጎብኛ እስካሁን ከሚነገርባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ በሌላው አካባቢ ብዙ አርጎባዎች አፋቸውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ መፍታት ከጀመሩ ቆይተዋል። በእኔ እምነት ለቋንቋው መቆየት ዳገቱ ድርሻ አለው፤ ይሁን እንጂ ወጣቱ ለገበያና ለትምህርት ወደ ሜዳው በወረደ ቁጥር አቀበቱ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም። የፈረሰ ግድግዳ በዚያው ድንጋይ ተመልሶ ይካባል፤ ከአዛውንት ጋር የተቀበረ ቃል ግን አይመለስም፤ ይህም እጅግ ያሳስበኛል። ስለዚህ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ከአካባቢው መምህራን ጋር ሆኖ የአዛውንቱን ተረትና የእርሻና የሽመና ቃላት በድምፅ ይቅዳ፤ ቅጂውም ለመንደሩ ልጆች ይሰጥ።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ