ሄሉዬ፣ አኩርፈሻል አውቃለሁ

ሄሉዬ እንዴት ነሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ሁለት አመት ድምጼን ማጥፋቴ ሰበብ የለውም፣ ቪፒኤን እምቢ አለኝ ልልሽ ነበር ግን ስንፍና ነው ባጭሩ።

ያኔ "ቻይኖች እንዲህ አፋቸው ተለጉሞ እንዴት ይኖራሉ?" ብለሽኝ ሳልመልስልሽ ቀረሁ አይደል። እኔም እዚህ ናንጂንግ ስመጣ እንዳንቺ ነበር የማስበው፣ ቋንቋው ትንሽ ሲገባኝ ነው ጉዱን ያየሁት። ሰምና ወርቅ የኛ ብቻ ይመስለን የለ? መንግስት ድሮ "ስምምነት ያለው ማህበረሰብ" እያለ ነበር ፖስት የሚያጠፋው፣ ስምምነት በነሱ ሄሽዬ ነው፣ ድምጹን ትንሽ ጠምዘዝ ስታደርጊው የወንዝ ሸርጣን ይሆናል፣ እና ፖስቱ የጠፋበት ሰው "ተሸረጠንኩ" እንደማለት ይላል ሃሃ። በ1989 ወታደሩ የቲያናንመንን ሰልፈኞች የጨፈጨፈበትን ቀን፣ ጁን 4ን፣ ሜይ 35 ይሉታል። "ሻይ ጋበዙት" ካሉሽ ደግሞ ፖሊስ ጠራው ማለት ነው። አንዱ ቃል ሲታገድ ሌላ ይፈጥራሉ፣ እሱም ይታገዳል፣ ሲበዛ ያደክማል እውነቴን ነው፣ አካውንቱ ለዘላለም የተዘጋበትም ብዙ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሊ ዌንሊያንግ ነው። የዉሃኑ የአይን ሐኪም፣ ለክላስ ጓደኞቹ በዊቻት፣ የነሱ ዋትሳፕ በይው፣ ኋላ ኮሮና ስለተባለው በሽታ ስላስጠነቀቀ ጃንዋሪ 3 2020 ፖሊስ ጠርቶ አስፈረመው። ወረቀቱ "ማቆም ትችላለህ?" ይላል፣ "እችላለሁ" ብሎ ፈረመ፣ "ገባህ?" ይላል፣ "ገባኝ"። ፌብሯሪ 7 በዛው በሽታ ሲሞት ሰዉ "አልችልም፣ አልገባኝም" እያለ ይጽፍ ጀመር። በዌይቦ፣ የነሱ ትዊተር ማለት ነው፣ የመጨረሻ ፖስቱ ምርመራው ፖዘቲቭ መሆኑን የሚናገርበት ነው፣ ከስሩ ያለው ኮመንት ከሚሊዮን አልፏል። ፖለቲካ እንዳይመስልሽ፣ ፍቅረኛዬ ተለየችኝ፣ ፈተና አለብኝ፣ ዛሬ ብርድ ነው፣ ደህና እደር ዶክተር ይሉታል፣ ለሞተ ሰው እኮ ነው። ለኔ ከሰልፍ የማይተናነስ ነው፣ አትርሱት የሚል ቃል ሳይጽፉ አልረሱትም።

አንድ ማታ ናፍቆት ሲጠናብኝ እኔም በዛ በተሰባበረ ቻይንኛዬ ቤቴ ናፈቀኝ ብዬ ጻፍኩለት። ለሱ ከመጻፌ በፊት ላንቺ መጻፍ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ አትቆጪኝ።

መልስሽን በኢሜል አድርጊው እሺ፣ በዊቻት ከሆነ ስለ ሰርግሽና ስለ ቡና ብቻ አውሪኝ።

ያንቺው