ላሟ አልታመመችም

ክቡር አዘጋጅ፣

ተማሪዎች የወተት ላሞችን በሴንሰር መከታተል ሲሠለጥኑ ያሳያችሁበትን ዘገባ አንባቢ አይቶታል። ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ አልተርክም። እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ከትልቁ ፎቶ ሥር «ተማሪዎች የታመመችውን ላም ከስክሪን ላይ ሲለዩ» ብላችሁ ጽፋችኋል።

ላሟ አልታመመችም። ኮርማ ፈልጋ ነበር። ድራት ላይ ነበረች።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። እዚያው ነበርኩ። በዚያ የማሠልጠኛ በረት ላሞቹን የምናልበውና የምንመግበው እኔና ባልደረቦቼ ነን። በፎቶው ጠርዝ ላይ ገመድ የያዘ እጅ ይታያል። የእኔ ነው። የቀረውን ቆርጣችሁታል። ለዚህ ጉዳይ ግን የእኔ ምስክርነት እንኳ አያስፈልግም። በራሳችሁ ፎቶ ላይ ግራፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ መስመር ወርዷል፣ ሌላው ሽቅብ ወጥቷል። የወረደው የማመስኳቷ ነው። የወጣው የእንቅስቃሴዋ ነው። ዘጋቢው የወረደውን አይቶ «ታማለች» አለ። የወጣውን ማን እንዲያይለት ፈልጎ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ የወተት ላም በቀን በድምሩ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ያህል ስታመሰኳ ትውላለች። በአንገቷ ላይ የታሰረው መሣሪያ የአንገትና የጭንቅላት እንቅስቃሴዋን እየለካ መቼ እንደምትበላ፣ መቼ እንደምታመሰኳ፣ መቼ እንደምትንጎራደድ ይገምታል። ስትታመም ማመስኳቷ ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ እንቅስቃሴዋም አብሮ ይቀንሳል፤ ፈዛ ትቆማለች ወይም ትተኛለች። ድራት ላይ ስትሆን ግን ማመስኳቷ ቀንሶ እንቅስቃሴዋ ይጨምራል። ዕረፍት የላትም። ትዞራለች፣ ታሸታለች፣ ሌሎች ላሞች ላይ ትወጣለች፣ ሲወጡባትም ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሁለቱን መስመሮች አብሮ ማንበብ ለተማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ነገር ነው። ያንኑ ቀን ለዘጋቢው ነግረነዋል። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሲጽፍም አይቻለሁ።

«የፎቶ ጽሑፍ ነው፣ ምን ያንገበግባችኋል?» የሚል ይኖራል። ያንገበግባል። ድራት በአማካይ በየ21 ቀኑ ነው የሚመጣው። ብዙ ወተት በምትሰጥ ላም ላይ 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሊያልፍ ይችላል። እንቁላሉ የሚለቀቀው ድራቱ ከጀመረ ከ24 እስከ 30 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። የማዳቀያው ሰዓት የሚሰላው ከዚህ ተነስቶ ነው። ያቺን ላም «በሽተኛ» ብሎ ወደ ሕክምና ክፍል የወሰዳት ሰው ያን ሰዓት አሳለፈው ማለት ነው። ከዚያ ሌላ 21 ቀን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ዘገባችሁን እንደ ትምህርት የሚያነብ ተማሪ የሚሠራው ስህተት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ያልጻፋችሁትን ልንገራችሁ። ስልኩ ማስጠንቀቂያ ሲያሰማ ተማሪዎቹ ስክሪኑን ከበው አልቀሩም። አንዲት ተማሪ ወደ ላሟ ሄደች። መጀመሪያ ያየችው መሣሪያውን ነው፤ ማሰሪያው ላልቶ ወደ ጎን ዞሮ እንደሆነ ንባቡ አይታመንም። አልላላም። ቴርሞሜትር በፊንጢጣዋ አስገብታ ለካች። 38.6 ዲግሪ፣ ለላም ጤነኛ ሙቀት። ከዚያ በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ማዳመጫውን አስጠግታ ዝም አለች። ትልቁ ጨጓራ በደህና ቀን በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ ይላወሳል፤ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ ነው። ልጅቷ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። በመጨረሻ ጭራዋን ገለጥ አደረገች። ጥርት ያለ፣ ሳይበጠስ የሚንጠለጠል ፈሳሽ። ከጭራዋ ሥር በላይ ያለው ፀጉር ተፋፍቆ ቆሟል፤ ሌሎቹ ሲወጡባት አድረዋል። «ድራት ናት» አለች፣ ማንም ሳይነግራት።

ሥልጠና ማለት ይህ ነው። ዘጋቢያችሁ በዚያች ደቂቃ ጀርባውን ሰጥቶ ስክሪን ፎቶ እያነሳ ነበር።

እጇን የት እንደምታሳርፍ ማን አሳያት? ላም በጎን ስትቀርባት ለምን እንደማትደነግጥ ማን ነገራት? ጤነኛ ጨጓራ እንዴት እንደሚሰማ ያወቀችው ከዚያ በፊት የስንቱን ላም ጎን ስታዳምጥ ከአጠገቧ ማን ቆሞ ነበር? አላቢዎቹ ናቸው። በረት የሚጠርጉት ናቸው። ሌሊት ምጥ የሚጠብቁት ናቸው። በዘገባችሁ ውስጥ መምህሩ ስም አላቸው፣ ሶፍትዌሩ ስም አለው፣ እኛ ግን «ረዳት ሠራተኞች» ሆነን አንድ መስመር ላይ አለፍን። አንድ ጥያቄ እንኳ የጠየቀን የለም። ያማል።

ከሁሉም የከፋው ግን የመጨረሻው አንቀጽ ነው። መሣሪያው «95 በመቶ ትክክል» ስለሆነ ተማሪዎች ከእንግዲህ በረት መዋል አይጠበቅባቸውም ብላችኋል። እስቲ አብረን እናስላ። በበረቱ 100 ያላረገዙ፣ ዑደታቸው የሚመላለስ ላሞች አሉ እንበል። ዑደቱ 21 ቀን ከሆነ በአንድ ቀን ድራት ላይ የሚሆኑት 5 ገደማ ናቸው። መሣሪያው አምስቱንም አገኛቸው እንበል። ከቀሩት 95 ላሞች ውስጥ ግን 5 በመቶውን በስህተት ቢጠራ፣ እነሱም 5 ገደማ ናቸው። ስልኩ 10 ላም ሲጠራ ግማሾቹ ድራት ላይ አይደሉም ማለት ነው። 95 በመቶ ትክክል በተባለ መሣሪያ! ግማሾቹን ከግማሾቹ የሚለየው ማነው? ተነስቶ ላሟ ዘንድ የሚሄድ ሰው።

መሣሪያውን እየተቃወምኩ አይደለም። እንዲያውም እወደዋለሁ። ሌሊት ሰው ተኝቶ የሚያልፈውን ድራት ይይዛል። ከወሊድ በኋላ ማመስኳቷ በጊዜ ያልተመለሰላትን ላም እኛ በዓይናችን ከማየታችን በፊት ያሳብቃል። ግን መሣሪያው የሚያወዳድረው ላሟን ከራሷ ካለፉት ቀናት ጋር ነው፤ አዲስ የታሰረ ከሆነ ላሟን ገና አያውቃትም። ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ያዛወርናት ላም ከአዲሶቹ ጋር እየተገፋፋች ስትዞር ግራፏ ይወጣል። ሰኮናዋ የተስተካከለላትም ያን ቀን ንባቧ ይዘበራረቃል። በጨጓራ ውስጥ የሚቀመጠው የሙቀት መለኪያ ደግሞ ላሟ ቀዝቃዛ ውኃ በጠጣች ቁጥር ዝቅ ይላል። ማን ቡድን እንደቀየረች፣ ማን መቼ እንደጠጣች፣ የማንስ ሰኮና እንደተነካ የሚያውቀው በረት የዋለ ሰው ነው። ተማሪው ከዚያ ሰው ጋር ካልዋለ ግራፉ ለምን እንደወጣ በምን ያውቃል?

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዘገባው በወጣ ማግስት አንድ ኃላፊ ስልኩን ይዞ መጥቶ የመጨረሻውን አንቀጽ አነበበልን። ቀጥሎም የበረት ልምምዱን ሰዓት መቀነስ እንደሚቻል ተናገረ። እስካሁንም ሰዓቱ ተርፎን አያውቅም። ተማሪ አንዲትን ላም ከድራት እስከ ድራት ለመከታተል 21 ቀን ያህል ያስፈልገዋል፤ አሁን የሚሰጠው ከዚያ ያነሰ ነው። ጭራሽ ይቀነስ?

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የፎቶው ጽሑፍ ይታረም። የ95 በመቶው አንቀጽም ከነስሌቱ ይታረም፤ ስሌቱን ከላይ ስላስቀመጥኩላችሁ መድከም አይኖርባችሁም። እርማቱ የሚቀጥለው ዙር ተማሪዎች ከመመደባቸው በፊት ይውጣልን። የበረቱ ሰዓት የሚወሰነው ያኔ ነው።

ከማሠልጠኛው በረት አላቢዎች አንዱ