ከሞዘል ወንዝ ዳር

ለውድ እናትና አባቴ፣

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ለእማዬ መድኃኒት የላክሁት ብር ሲደርስ ደውሉልኝ።

ባለፈው ሰንበት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እዚህ ጀርመን ሞዘል የሚባለውን ወንዝ ተከትለን ወጣን። አባባ፣ አንተ ብትሆን ከባቡሩ አትወርድም ነበር! ኮኸም ከምትባል ከተማ እንደወጣ ተራራውን ሰንጥቆ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ በዋሻ ይሄዳል። ዋሻው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው፤ የእኛ ባቡር ድሬ ከመግባቱ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ።

ባይልሽታይን የምትባለው መንደር ከሁሉም ታምራለች። ተረተሩ እስከ አናቱ ወይን ነው። የቤቶቹ ግድግዳ የእንጨት ማገር፣ መሃሉ በጭቃና በጭድ የተሞላ፣ ላዩ በኖራ የተለሰነ። እማዬ፣ ጭቃ ቤት እኮ ነው! ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ፎቶ ይነሳበታል።

ኮኸም ራስጌ ያለውን ግንብም አስጎበኙን። እ.ኤ.አ. በ1689 የፈረንሳይ ጦር አፍርሶት፣ በ1868 አንድ የበርሊን ሀብታም ፍርስራሹን ገዝቶ መልሶ ያሠራው ነው። እኔ ብዙም አልማረከኝም፤ የሀብታም ቤት ሆነብኝ።

ልቤ የቀረው ወንዙ ዳር ያለ አንድ ቤት በር ላይ ነው። ድንጋዩ ላይ አግድም መስመሮች ተቀርጸዋል፣ በየመስመሩ ዓመቱ ተጽፏል። የጎርፍ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ከራሴ በላይ ነበር። አበባ የምታጠጣ ሴትዮ አየችኝና፣ «ውኃው እንደሚመጣ ቀድሞ ይነገረናል፣ ዕቃችንን ፎቅ እናወጣለን፣ ሲሸሽ ጭቃውን ጠርገን እንኖራለን» አለችኝ።

እኔም ስለ ድሬው ወንዛችን ስለ ደቻቱ አጫወትኳት። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰውም ግመልም ይሻገረዋል፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ሲጥል ግን ድሬ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 አጥቢያ ከ250 በላይ ሰው እንደሞተ ስነግራት የውኃ ማጠጫውን መሬት አስቀመጠችና፣ «እናንተ ቤት የት ድረስ መጣ?» አለች።

በእጄ ላሳያት ብሞክርም እርግጠኛ አልነበርኩም። ግድግዳችን ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ከዚያ ወዲህ ስንቴ ኖራ ተቀብቶበታል። አባባ፣ ልኩን የምታውቀው አንተ ነህ። ማሙሽ መሮና መዶሻ ይዞ፣ አንተ በምታሳየው ቦታ መስመሩን ይቅረጸው፤ ዓመተ ምሕረቱንም ይጻፍበት። በቀለም አይሁን፣ ይለቃል። ለጎረቤቶቻችንም ንገሯቸው፤ የመሮ መግዣ ካነሰ እኔ እልካለሁ።

ናፋቂ ልጃችሁ