መቶኛውን ተይው፣ ክፍያውን ያዢ

ውድ ልጄ፣

የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች ከአገር በቀል ድርጅቶች እንዲገዙ የሚያስገድደውን ደንብ ከሚያረቁት መካከል መግባትሽን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በግዥ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ሳትጠይቂኝም ልናገር።

ስብሰባው ሁሉ በመቶኛ ላይ ይጨቃጨቃል፤ ይህን ያህል ከአገር ውስጥ ይገዛ፣ ይህን ያህል ድርሻ ለአገሬው ሰው ይሁን እየተባለ። አቅም በሌለበት መቶኛ የሚያፈራው ግን ስም አከራይ ነው። የአገሬው ሰው በወረቀት ባለቤት ይሆናል፤ ሥራውንም ትርፉንም ሌላ ይወስደዋል። ኖርዌይን አብነት የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። እሷም ብትሆን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ባወጣችው ደንብ ለአገሯ አቅራቢዎች ቅድሚያ የሰጠችው በዋጋ፣ በጥራትና በማስረከቢያ ጊዜ ተወዳዳሪ ከሆኑ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ መርከብ ሠሪዎቿ ነዳጁ ከመገኘቱ በፊትም ነበሩ፤ ይቺ ትረሳለች።

እኔ አጥብቀሽ እንድትይዢ የምፈልገው የክፍያውን አንቀጽ ነው። ትንሽ አቅራቢ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሥራ አጥቶ ሳይሆን ሥራ አግኝቶ ነው። ዕቃውን በብድር ገዝቶ ያስረክባል፤ ከዚያ ገንዘቡ ከነዳጅ ኩባንያው ወደ ዋናው ተቋራጭ፣ ከተቋራጩም ወደ እሱ እስኪወርድ ወራት ያልፋሉ። ወለዱ አይጠብቀውም። የውል ማስከበሪያ ዋስትና ሲጨመርበት ደግሞ ቤቱን ለባንክ ያስይዛል። ስለዚህ የመክፈያው ቀን ገደብ እስከ ንዑስ ተቋራጩ ድረስ ይውረድ፤ ያዘገየም ይቀጣ። ናይጄሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ባወጣችው ሕግ ከነዳጅ ፍለጋና ምርት ውሎች 1 በመቶ እየተቀነሰ ለአገር ውስጥ አቅም ማሳደጊያ ፈንድ እንዲገባ አድርጋለች፤ ከዚያም ለአገር በቀል ድርጅቶች ብድር ይሰጣል። ከመቶኛው ክርክር ሁሉ ይልቅ ለእኔ ቁም ነገሩ ይሄ ነው።

ጨረታውም ይከፋፈል። ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ጽዳትና ጥበቃ በአንድ ውል ከታሰሩ ከግዙፍ ድርጅት በቀር የሚያነሣው የለም። ኡጋንዳ እንደ ትራንስፖርት፣ ጥበቃና ምግብ ያሉትን ሥራዎች ለዜጎቿ ድርጅቶች ከልላለች።

የግዥ ዕቅዱ ቀድሞ ይውጣ። በያጅ ተፈትኖ ምስክር ወረቀት እስኪይዝ፣ ድርጅቱም የደኅንነት ሥርዓቱን እስኪያሟላ ጊዜ ይፈጃል፤ የጨረታ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ መሯሯጥ አያዋጣም። ደግሞም ትልቁ ግዥ ያለው በግንባታው ዓመታት ነው፤ ምርት ሲጀመር ይቀንሳል። በአንድ ደንበኛ ብቻ የቆመ ድርጅት ያኔ ይዘጋል።

ረቂቁን ማሳየት ካልተከለከለ የክፍያውን አንቀጽ ላኪልኝ። «በተገቢው ጊዜ ውስጥ ይከፈላል» የሚል ካለበት ግን ሳትልኪው ሰርዢና ቀኑን በቁጥር ጻፊበት።

አባትሽ